ባዶ ኪስ ይለምልም!

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድተው ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በልተው ወደ መንዝ ጓሳ የሚወጡትን ሃይከሮቻችንን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ያደረጉትን ከሰማሁ ጀምሮ አድናቂያቸው ሆኛለሁ። ጓሳ እኮ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ጉሙ ሲወርድ የራስህን እግር አታይም፣ በጥቅምት ሌሊት ደግሞ ሳሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። እዛ ላይ ክብሪት በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ፈሪ ነው፣ በፈጣሪው አይተማመንም።

በተለይ አንዱን ላመስግን፣ ስሙን አልጠራም፣ በየግሩፑ አንድ አንድ አለ። ቦርሳው ከሱ ይበልጣል። የግንባር ባትሪ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ሰንጢ፣ ላይተር፣ ፊሽካ፣ ኮምፓስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ፋሻ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ምን የሌለ አለ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ምን አደረገው? ለበቅሎ ጫነው! በቅሎዋ መንገዱን ስለምታውቅ ቀድማ ካምፕ ገባች፣ እሱ ቪዲዮ ሊቀርፅ ጭላዳ ተከትሎ ሄደ፣ ጭላዳ ደግሞ ሲመሽ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፣ እንግዲህ አስቡት።

ቦርሳው እንዴት አደረ ካላችሁ እግዚአብሔር ይመስገን ሰላም ነው፣ ድንኳን ውስጥ ደረቅ ቦታ ተኝቶ፣ ኮምፓሱም ሌሊቱን ሙሉ ሰሜንን ሲያሳይ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። በቅሎዋማ ብትጠፋ ኖሮ እሳቷን አንድዳ፣ ቁስሏን በፋሻ ጠቅልላ፣ ፊሽካዋን ሶስት ሶስቴ እየነፋች ሰው ትጠራ ነበር፣ መንዝ እንደሷ ለአደጋ የተዘጋጀ ፍጥረት አይቶ አያውቅም። ጌታዋ ኪስ ውስጥ ግን የመኪና ቁልፍ፣ ማስቲካና 4 ፐርሰንት የቀረው ስልክ። ያንንም ብብቱ ስር ከቶ እንደማሞቅ ብርዱ ላይ ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ሲፈልግበት ባትሪው አለቀ።

ያገኘው እረኛ ልጅ ኋላ ቀር ነገር ነው፣ በርኖሱ ትከሻው ላይ፣ ቆሎው ኪሱ ውስጥ፣ ክብሪቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ፣ ዱላው እጁ ላይ። ለበቅሎ ማሸከም እንኳን አያውቅም፣ ምስኪን።

ቆይ ግን፣ የመንደሩ ሰው ከሞቀ ቤቱ ወጥቶ በዛ ጨለማ ገደል ለገደል ሲጣራ ያደረው ለምንድን ነው? ለአንድ ክብሪትና ለአንድ ፊሽካ! ከነሱ አንዱ ተንሸራቶ ቢቀርስ ልጆቹን ማን ሊያሳድግለት ነው፣ ላይክ ያደረገው ሰው? ፊሽካ አንገትህ ላይ ብታንጠለጥል ይከብድሃል? ጃኬትህን ወገብህ ላይ ብታስር ፎቶህ ይበላሻል? ሰው ናቸው እኮ፣ የጉብኝቱ ፓኬጅ ውስጥ የገቡ መሰለህ እንዴ!

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ጣርማበር ላይ መኪና አቁመው "አምስት ደቂቃ ነው" ብለው በቲሸርት ቁልቁል የሚወርዱትም ክብር ይገባቸዋል፣ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ሞቆት ይጠብቃቸዋል።

የኛ ጀግና ግን በማግስቱ የልጁን በርኖስ ለብሶ "ብቻዬን ከተፈጥሮ ጋር" ብሎ ፎቶ ለጠፈ። ከዚህ ትምህርት ወስጃለሁ ብሎም የበለጠ ትልቅ ቦርሳ እያፈላለገ ነው አሉ፣ በሁለት በቅሎ የሚጫን።