የዳማከሴው ጠበቃ

ባለፈው እሁድ ደሴ፣ አንድ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነበርን። የቤቱ የ7 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋን አሟት ምራቅ መዋጥ አቅቷታል። ትኩሳትም አላት። እናቷ ጤና ጣቢያ ልትወስዳት ነጠላዋን ስታነሳ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጃችን፣ «ኧረ ተይ እታለም! ዳማከሴ ጨምቀሽ በቡና አጠጫት፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ጨምሪላት፣ ወላሂ ነገ ትነሳለች። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ?» አላት። እርጥቡን ቅጠል፣ ቅርቡን ጓሮ አድርጎት ቁጭ!

አጠገቡ አንዲት ነርስ ነበረች። «ጋሼ፣ ዳማከሴ እኮ ለምች ነው» አለችው ፈገግ ብላ። «ጦስኝም ነጭ ሽንኩርትም ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይገድላሉ፤ እሱን ማን ካደ? ልጅቷ ግን ሳህን አይደለችም። ጭማቂው ጉሮሮዋ ላይ ስንት ሰከንድ ይቆያል?»

እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያቶቻችን በምን ዳኑ?» የዳኑትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በልጅነቱ የተቀበረውን ማን ይቁጠርለት።

ነርሷ አልለቀቀችውም። አብዛኛው የልጆች ጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይድናል፤ ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል። ማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። ስትሬፕቶኮከስ የሚሉት ባክቴሪያ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጉሮሮው ተሻለው ተብሎ ከተረሳ በኋላ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ሩማቲክ ፊቨር የሚባል በሽታ ሊያመጣና የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። ፔኒሲሊን ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ይህን ይከላከላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው እንጂ!

«ሳይርቅ በቅርቡ» አለ ሰውዬው አሁንም፣ ድምፁ ግን ቀንሷል።

«ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው ጋሼ» አለች እናትየው፤ ልጇንም ይዛ ወጣች።

እኔን የሚያበሽቀኝ ቅጠሉ አይደለም። ምች ሲመታኝ እኔም ዳማከሴ አሽቼ አሸታለሁ። የሚያበሽቀኝ ዘመኑ ነው። ሁሉም በስልኩ ሐኪም ሆኗል። አንዱ «ተፈጥሯዊ» ብሎ ብልቃጥ ይቸረችራል፣ ሌላው አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ገዝቶ በ3ኛው ቀን ያቋርጣል፣ ምክር ሲሆን ግን ሁለቱንም የሚቀድማቸው የለም። የድሮ አዋቂ ቢያንስ የትኛው ቅጠል ለየትኛው በሽታ እንደሆነ ለይቶ ያውቅ ነበር። የኛ ሰውዬ? ግቢውን ሙሉ ሲሚንቶ አልብሶ፣ ዳማከሴውን የሚገዛው ከሰኞ ገበያ ነው።