ሲቢሲ የማያየው ጉዳት

ሰሞኑን ሐዋሳ ላይ ስለ ካንሰር ሕክምና በተደረገ ውይይት፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚያዘጋጁ ነርሶችና ፋርማሲስቶች የደህንነት ጥያቄ ሲያነሱ አንድ የሆስፒታል ኃላፊ «በየዓመቱ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ ምርመራ) እናሠራላቸዋለን፤ የሁሉም ደም ጤነኛ ነው። ጓንትና ማስክም አላቸው» ብለው መለሱ። እንዲህ ያለ መልስ በዝምታ መታለፍ የለበትም።

ሲቢሲ የደም ሴሎችን ይቆጥራል፤ የተሰበረ ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ዘረመል የሚሸከም አካል) አያይም። ከኬሞ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሳይክሎፎስፋሚድ የዲኤንኤን ክሮች እርስ በርስ ያጣብቃል፤ የካንሰሩን ሴል የሚገድለውም ጤነኛውን የሚያበላሸውም በዚሁ መንገድ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጋር በ1ኛው ምድብ መዝግቦታል። በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት የታከሙ ሕሙማን ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሲይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ሲቢሲው ምንም ላያሳይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1979 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ዘረመል የሚለውጥ ነገር ያገኙት የኬሞ መድኃኒቶችን በሚነኩ ነርሶች ሽንት ውስጥ ነበር፤ እነዚያ ነርሶች ታመው የተኙ ሳይሆኑ በሥራቸው ላይ የነበሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ጉዳት የሚፈለገው በሴል ውስጥ የክሮሞዞምና የዲኤንኤ ስብራትን በሚያሳዩት በማይክሮኒውክለስና በኮሜት ምርመራ ነው። ሲቢሲ አይቶ «ደህና ናችሁ» ማለት ሠራተኛን ማታለል ነው።

ጓንትና ማስክስ? የመድኃኒት ዱቄት ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ሳላይን (የጨው ውሃ) በመርፌ ሲገፋ ግፊት ይፈጠራል፤ መርፌው ሲነቀል ለዓይን የማይታይ የመድኃኒት ጉም ይረጫል። ለዚህ ነው ከሚገባው ፈሳሽ ትንሽ በለጥ ያለ አየር ከብልቃጡ ቀስ በቀስ፣ በየመሀሉ መሳብ የሚያስፈልገው። ተራው የቀዶ ሕክምና ማስክ ጉሙን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው መድኃኒቱ የሚዘጋጅበት፣ አየሩን አጣርቶ ከሕንፃው የሚያስወጣ ካቢኔት ነው። አየር ወደ ሠራተኛው ፊት የሚነፋውን ካቢኔት ለኬሞ ማዋልማ መድኃኒቱን አፍንጫው ላይ መርጨት ነው። ጓንቱ ድርብ ሆኖ በየ30 ደቂቃው መቀየር አለበት። ጠረጴዛውን በአልኮል መወልወልም መድኃኒቱን ያዳርሰዋል እንጂ አያከሽፈውም።

ካቢኔት ውድ ነው፣ እሺ። ሁለተኛ ጓንት ግን ውድ አይደለም። ነፍሰ ጡሯን ነርስ ከማዘጋጃ ክፍሉ ማዛወርም ሳንቲም አያስወጣም። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ እስከ 48 ሰዓት መድኃኒቱ የሚወጣበትን የሕሙማኑን ሽንትና ትውከት ስለምታጸዳው ሠራተኛ ደግሞ ኃላፊው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።