አምስቱ ልክ ሆነው ስድስተኛው የሳተበት ተርታ

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከዚራ ውስጥ የሒሳብ ማጠናከሪያ የማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አንድ ቀመር በሦስት ምሳሌ ከሠራላቸው እውነት ነው ብለው ደብተራቸው ላይ ያሰፍሩታል። ይህን ልማድ ያስያዝናቸው፣ ማረጋገጫውን «ለፈተና አይመጣም» እያልን የምንዘለው እኛ አስተማሪዎች ነን። ልማዱን ለመስበር 4,294,967,297 የተባለው ቁጥር በየክፍሉ ሊቀርብ ይገባል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1640 ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እያለ የሚያድገውን ተርታ አስተዋለ። ከቁጥሩ 1 ይቀነሳል፣ የቀረው በራሱ ይባዛል፣ 1 ይጨመርበታል፤ ቀጣዩ ይገኛል። አምስቱም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ስለሆኑ፣ ፌርማ ተርታው ሁሉ እንዲሁ ነው ብሎ አመነ። ስድስተኛው ከላይ የጠቀስኩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1732 ሊዮናርድ ኦይለር ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። ኦይለር ራሱ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ የዚህ ቁጥር ማንኛውም አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 መቅረት አለበት፤ ስለዚህ ከብቸኛ ቁጥሮች መካከል 193፣ 257፣ 449 እና 577 ተሞክረው ሲወድቁ ተራው የ641 ነው።

ክፍፍሉን አንዲት ተማሪ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሠራችው። 641 በ4,294 ውስጥ 6 ጊዜ ይገኛል፣ 448 ይቀራል፤ 9 ሲወርድ በ4,489 ውስጥ 7 ጊዜ ይገኛል፣ 2 ብቻ ይቀራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ 6 ሲወርድ 26፣ 7 ሲወርድ 267 ስለሚሆን ሁለት ጊዜ ዜሮ መጻፍ ያስፈልጋል። እሷም ዘለለቻቸው፤ መልሳ ስታባዛ አልገጥም ቢላት ግን ራሷ አርማ 6,700,417 ላይ ደረሰች። ያኔ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ታዲያ አምስቱ ለምን ሠሩ?» አለ። አንድ ወር ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነበር።

አንዳንድ ወላጆች ስልኩ በአንድ ሰከንድ የሚነግራቸውን ምን ያደክማቸዋል ይሉኛል። ስልኩ 641ን መስጠቱ እውነት ነው፤ ከ193 በኋላ 197 እና 199 ለምን እንደማይሞከሩ የሚያስረዳው ግን መምህር ነው፤ ለዚህም አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ልጆቹ ሰባተኛውንም ጠየቁኝ። ባለ 20 አሃዙ 18,446,744,073,709,551,617 ለ274,177 ይካፈላል፤ ይህንን ፎርቱኔ ላንድሪ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ከ65,537 በኋላ ከዚህ ተርታ ብቸኛ ሆኖ የተገኘ እስከ ዛሬ የለም፤ ሌላ እንደማይኖርም ማንም አላረጋገጠም።