ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ስልካችሁ ላይ "ከቦሌ ዋሽንግተን" ብላችሁ ብትፈልጉ ርቀት የሚያሰላ ገጽ ወዲያው ይመጣላችኋል። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት። አልዋሸም። አጭሩን መስመር ወስዶ በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር አካፍሎታል፣ በቃ። እኔም አምኜው እናቴን ልቀበል በ13 ሰዓት ሂሳብ የዋሽንግተን አየር ማረፊያ ወደሆነችው ዳለስ ሄድኩ (ቴክሳስ ያለችው ዳላስ አይደለችም፣ በዚህም የሚሳሳት አለ) እና አበባ ይዤ ከሦስት ሰዓት በላይ ተገተርኩ። የፓርኪንጉን ነገር ተዉት።

ጉዳዩ ቦሌ ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ክንፉም ሞተሩም የባህር ዳርቻ ከተማ ላይ የሚያገኙትን ጉልበት አያገኙም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰው፣ ሻንጣ እና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ያለው ምርጫ ቀለል ብሎ ተነስቶ መንገድ ላይ አርፎ መሙላት ነው። ድሮ ሮም ነበር፣ ከዚያ ለዓመታት የአየርላንዷ ደብሊን። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱም ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ይሄ ሁሉ ሲደመር 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ሲመለስ ሌላ ታሪክ ነው። ዳለስ ከፍታዋ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፣ በ13 ሰዓት አካባቢ አንድም ቦታ ሳያርፍ ቦሌ ነው። ርቀቱ ግን ያው ነው!

ሰዓቱን ከትኬት ላይ ማንበብም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ማታ 4 ሰዓት ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳል ሲባል 10 ሰዓት ይመስላል። ዋሽንግተን ግን በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ናት። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የየአገሩ ሰዓት ነው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር።

እኔ የምለው፣ ትኬት የሚሸጥልን ሰው ይሄን ለምን አይነግረንም? ጠቅላላ ሰዓቱ ይሄ ነው፣ እዚህ ቦታ ያርፋል፣ ከመቀመጫሽ አትነሺ ብሎ በአማርኛ አንድ መስመር መጻፍ ምን ይጎዳዋል? በዚህ መስመር ከሚሄዱት ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናትና አባቶች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ አሉ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ አሉ። አዲሱ አየር ማረፊያ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ቦታው ከቦሌ ዝቅ ስለሚል ነገሩ ይቀል ይሆናል። እስከዚያ ግን አንድ መስመር ጽሑፍ ያን ያህል ወጪ አይደለም።

እናቴ ደብሊን ላይ በሌሊት ሲያርፉ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አውርዳ፣ ተነስታ ቆማለች። አጠገቧ የነበረች ልጅ ናት "እማማ፣ ገና ነው" ብላ ያስቀመጠቻት። ከሦስት ወር በኋላ አዲስ አበባ ገብታ ስትደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ያ ጨለማ አገር የት ሄደ? ስንመለስ እኮ አላየሁትም" ነበር።