በቅንፍ የታሰረ ማስታወቂያ

የእህቴ ልጅ ሥራ እየፈለገ ነው። ሰሞኑን የአንድ መሥሪያ ቤት ሊንክ ላከልኝና «ጋሼ፣ እስቲ መስፈርቱን ይዩልኝ» አለኝ። በሊንክስ ከፈትኩት። ሊንክስ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ብራውዘር ነው። ተርሚናል በሚሉት፣ ትዕዛዝ በፊደል በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ፊደል ይደረድርልሃል፣ አበቃ። ፎቶ የለ፣ ቪዲዮ የለ፣ ዘሎ ፊትህ ላይ ድቅን የሚል ነገር የለ። ፓኬጄን ስለማይበላ እወደዋለሁ።

ገጹ ወዲያው መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ ሁሉም ወለል ብሎ ይነበባል። ማስታወቂያው መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ግን በቅንፍ እንዲህ ይላል፦ [ስካን ፋይናል ፋይናል 2]። የፎቶ ፋይል ስም ነው። በቃ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ተየበው። አተመው። አስፈረመው። ማህተም አስመታበት። ከዚያ ስካን አድርጎ ፎቶውን ለጠፈው። ፊደል ሆኖ ተወልዶ ፎቶ ሆኖ ሞተ ማለት ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው የምወደው። አክስቴ የእቁብ ሰብሳቢያቸውን የምትነካካው በሱ ነበር። ዕጣው ወጥቶላታል፣ ገንዘቡ የለም። ሴትየዋ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ አክስቴ ስኒውን እያቀበለች «ላሟ እንዴት ሰነበተች?» ትላታለች። ሴትየዋ ላም ኖሯት አያውቅም። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ገንዘቡ መምጣቱን ግን አላስታውስም።

ሊንክስ ሕፃን አይደለም። በፈረንጆቹ 1992 ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የተሠራው፣ ዛሬም ከሚታደሱት ብራውዘሮች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው። ፎቶ ባያሳይም ፎቶን አይንቅም። ገጹን የሠራው ሰው ከፎቶው ጀርባ አንድ መስመር መግለጫ ከጻፈ ሊንክስ በፎቶው ፋንታ እሷን ያወጣል። አንድ መስመር! ለራዕይና ለተልዕኮ ቃላት ያልሰሰተ ሰው ለዚህች ሰነፈ።

የኔስ ቀላል ነው፤ ስልኬን አውጥቼ አየዋለሁ። ዓይነ ስውር ሥራ ፈላጊስ? ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም እዚያ ቅንፍ ጋ ሲደርስ «ስካን ፋይናል ፋይናል 2» ብሎለት ያልፋል። ከሥሩ ደግሞ «አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የሚል ይኖራል፣ እሱም ፎቶው ውስጥ። ይሄ አያስቅም። ንቀት ነው።

የተርሚናል ወዳጆችስ ብትሉ፣ እነሱም ሌላ ጉድ ናቸው። ቢሯችን ውስጥ አንድ የአይቲ ልጅ አለ። ማውስ መንካት እንደ ነውር ነው የሚያየው። «ጽሑፍ ንጹሕ ነው» ይላል። ባለፈው ጠርቶኝ ተርሚናሉ ላይ የድመት ፎቶ አሳየኝ። ተርሚናሉ ላይ አንድ ፊደል የምትቀመጥባትን እያንዳንዷን ሳጥን ላይና ታች ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለት ቀለም ቀብቶ ነው ድመቷን ያወጣት። ሰማንያ ፊደል በሃያ አራት መስመር በሆነው መስኮት 3840 ነጥብ ይወጣዋል። ስልኬ አንዴ ጠቅ ሲል ሚሊዮኖችን ያነሳል። «ምንድን ነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ትንሽ ራቅ ብለው ይዩት» አለኝ። ራቅኩ። አሁንም ራቅኩ። በሩ ጋ ስደርስ ድመት ሆነች።

ከዚህ የተሻለም አለ። ሲክስል የሚሉት ዘዴ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ከኮምፒውተር አምራቹ ዴክ ኩባንያ ማተሚያዎችና ተርሚናሎች ጋር የመጣ ነው፤ ነጥቦችን ስድስት ስድስት አድርጎ ቁልቁል ይደረድራል። ተረስቶ ቆይቶ አሁን እንደገና ፋሽን ሆኗል። ኪቲ የሚባለው ተርሚናል ደግሞ የራሱን መንገድ አበጅቶ ጥርት ያለ ፎቶ ያሳያል። ይህ ሁሉ ድካም እያለ የኛ ፊደል አሁንም ለአንድ የላቲን ፊደል በተሠራች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ታጉሯል። ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በተመዘገቡበት ሰሌዳ ውስጥ፣ የገባነው ግን በፈረንጆቹ 1999 ነው። ድመቷ ጢሟ ሳይቀር ትታያለች፣ «ሠ» እና «ጨ» ግን እግራቸው ተቆርጦ ይቆማሉ።

እኔ በፎቶ የተቃጠልኩት ዛሬ አይደለም። በደቂቃ እየከፈልን ኢንተርኔት ቤት በምንቀመጥበት ዘመን አሜሪካ ያለ ዘመዴ የሠርጉን ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ይወርዳል። ግንባሩ መጣ። ቅንድቡ መጣ። አፍንጫው ላይ ስንደርስ ብሬ አለቀ። ሙሽሪትን ሳላያት ወጣሁ። በኋላ እንዳየሁት የቤቱ ባለቤት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብራውዘሩ ፎቶ እንዳያወርድ ዘግቶታል። ያውቅ ነበር! እየሳቀ ሒሳብ ተቀብሎኛል። ይቅር ብዬዋለሁ የምለው ሰው ፊት ብቻ ነው።

ብቻ ወደ ማስታወቂያው። አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ ሺህ ፊደል ያለው ማስታወቂያ ሦስት ሺህ ባይት ቢሆን ነው። እነሱ የለጠፉት ፎቶ ሁለት ሜጋባይት ሞልቷል። አወረድኩትና ለአይቲው ልጅ ሰጠሁት። ቴሰራክት የሚባለው ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ፎቶውን መልሶ ፊደል አደረገልን። መስፈርቱ ወጣ፣ የሥራ ልምዱ ወጣ፣ ደመወዙም «በስምምነት» ብሎ ወጣ። ማህተሙ ያረፈባትን መስመር ግን ፕሮግራሙም እኛም ማንበብ አቃተን። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን የተጻፈው እሷ ላይ ነው።