ይድረስ ለ«ሲሞላ እንሄዳለን»

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ አረፈች ተባልኩ። እኔ ድሬዳዋ፣ ቀብሩ ኤረር፣ በ9 ሰዓት። ጥቁር ልብሴን ለብሼ በ4 ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። «ሁለት ሰው ብቻ! ግባ ግባ!» አለኝ ረዳትዎ። ገባሁ፣ ከፈልኩ። ወዲያው ሦስት «ተሳፋሪዎች» ወረዱ። አንዱ የረዳቱ ጓደኛ፣ አንዱ ሎተሪ አዟሪ፣ አንዱ እንቅልፉን የጨረሰ ሰው።

7 ሰዓት ሆነ። አንድ ወንበር ቀረ። «ተባብራችሁ ክፈሉትና እንሂድ» ተባልን። ከፈልን። ኬላውን እንዳለፍን በዚያው ወንበር ሌላ ሰው ተጭኖ፣ እሱም ከፈለ። ከዚያ አንዲት እናት ተሳፈሩና እኔ ወደ ጀሪካን ተዛወርኩ። ለእሳቸው መነሳቱስ ደግ። ግን «ኧረ ቀብር ሊያመልጠኝ ነው» ስል፣ ረዳትዎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሟቿ እንደሆነች የትም አትሄድ!» መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የራሴ ሳቅ ነው።

ስደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን ይታጠባል። ያሳደገችኝን ሴት አፈር ሳላለብስ ቀረሁ። ለአንድ ወንበር ብለህ! ያውም ሁለት ጊዜ ለተከፈለበት!

ይቅርታ፣ «እርስዎ» ለማለት ነው።

የአስር ብር መልሴን አላነሳም።

አክስቴ ኤረር ጣቢያ ለባቡር መንገደኛ ብርቱካን ትሸጥ ነበር። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ የገባው፣ 784 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው። ሁርሶ ይቆም ነበር፣ ኤረር ይቆም ነበር፣ አፍደም ይቆም ነበር። አንዳንዴ የሚወርደው አንዲት ባልቴትና አንድ ፍየል ነበር። ይዘገይ ነበር፣ አልክድም። ከሐዲዱ ወጥቶም ያውቃል። ግን ነጂው በመስኮት ብቅ ብሎ «ሁለት ሰው ቀረኝ!» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ባዶ ወንበር ይዞ መነሳት አያሳፍረውም ነበር።

ወንድምዎ «ተሳፋሪ የለም» ደግሞ ቢሮ ተቀምጠው ባቡሩ ኪሳራ ነው ይላሉ። እኛ ጀሪካን ላይ የተቀመጥነው ምንድን ነን? ዋናው አስፋልት ቆላውን ትቶ በጭሮና በቁልቢ ደጋውን ይዞ ሲያልፍ፣ ለአፍደም ሰው የቀረለት ሐዲዱ ነበር። ደግሞስ አስፋልት «መኪና ካልሞላልኝ አልዘረጋም» ብሎ ያውቃል? በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ዋና ሥራው ጭነት ነው። አንዳንዴ ምነው ኮንቴይነር ሆኜ ብፈጠር እላለሁ።

የአክስቴ አርባ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ነገ መጥቼ ብቀመጥ እስከዚያ ይሞላልዎታል?