አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አይገባም

ክርክሩን ያስነሳው ጊታር የሚማር የ16 ዓመት ልጅ ነው። እዚሁ ጅማ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ማታ ባንድ አለ ሲባል ሰማና ከአጎቱ ጋር ሄደ። በር ላይ ዕድሜውን ጠየቁትና መለሱት። አጎቱ ነገሩን ያነሳብን ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣን ነው። በረካው ተጠጥቶ አለቀ፣ ክርክሩ ግን ገና ይሞቅ ነበር።

ቀድመው የተናገሩት የሌላ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናቸው። «በረኛው ልክ ነው» አሉ። በ2011 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። «ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ የማን ብርጭቆ ውስጥ ምን እንዳለ እየዞርኩ ላሽት? ተቆጣጣሪ ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ አዋጁ እኮ የከለከለው መጠጡን ነው፤ ዘፈኑን አይደለም» አለቻቸው አጠገባቸው የተቀመጠች መምህርት።

«የዘፈኑን ዋጋ የሚከፍለው ማን ሆነና ልጄ? መጠጡ አይደለም እንዴ?»

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቤት የመግቢያ ትኬት የለም። ባንድ ያለ ቀን ቢራው ላይ ይጨመራል። ድምፃዊውም ኪቦርዲስቱም ከዚያ ይከፈላቸዋል፤ የቀረውን ግንባራቸው ላይ ከሚለጠፈው ሽልማት ይሞላሉ። አንድ ለስላሳ ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀመጥ ልጅ ለቤቱ ኪሳራ ነው። መብራት ከሄደ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ሳውንድ ሲስተም ኪራይ አለው። ሰውዬው ይህን ሲዘረዝሩ አልዋሹም። ማንም ሊያስተባብላቸው አልሞከረም።

መምህርቷ ግን በሌላ በኩል መጣች። «ጥላሁን ገሠሠ መድረክ ላይ የሚዘፍን ሰው የት ነው ያየው? ወሊሶ! በዚሁ በእኛ መንገድ ላይ። የራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ የሀገር ፍቅር ከያንያን መጥተው ትርዒት አሳዩ። ከዚያ በኋላ ልቡ አዲስ አበባ ገባ፣ እግሩም ተከተለ። ያን ቀን አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ‹አንተ ልጅ ነህ፣ ተመለስ› ቢለውስ ኖሮ?»

አብሮን የተቀመጠ አንድ ኪቦርዲስት እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። ጅማ ውስጥ የሠርግም የሆቴልም ሥራ ይሠራል። «ዓሊ ቢራም እንደዚያው ነው» አለ። «ድሬዳዋ አፍረን ቀሎ የሚባለውን የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ሲቀላቀል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር። ‹ቢራ› የሚባለውን ስም ያወጣለትም ያኔ የዘፈነው ዘፈን ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው ሁላችንም ደስ ብሎናል። ዛሬ የዚያ ዕድሜ ልጅ ጊታር አንግቶ ቢመጣ ግን የምናስገባበት ቦታ የለንም።»

የገረመኝ አጎትየው ነው። ለልጁ ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ ወዲያ ማዶ ሆነ። «እኔም ብሆን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሰካራም መሀል እንዲቀመጥ አልፈልግም። የወሰድኩት ለምኖኝ ነው። ስልኩ ላይ ዩቲዩብ አለው፣ የፈለገውን ባንድ ያያል።»

«ዩቲዩብ ላይ የተሳሳተውን አውጥተውት ነው የምታየው» አለ ኪቦርዲስቱ፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ። «ድምፃዊው ከፍ ያለው ጋ ሲያቅተው እኔ እንዴት ዝቅ አድርጌ እንደምይዝለት ስልክ ላይ አታየውም። ድራመሩ በዓይኑ ምን እንደሚለኝ አታየውም። መብራት እልም ሲል ሰው እንዳይበተን ምን እንደምናደርግ አታየውም። እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ሠርግ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ገመድ እየተሸከምኩ፣ ስፒከሩ ሥር ቁጭ ብዬ። ሠርግ ቤት ስንት ዓመትህ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

መምህርቷ ከአፉ ነጠቀችው። መውሊድ ላይ መንዙማ ሲባል ሕፃኑ ከሽማግሌው ጎን ተቀምጦ ይቀበላል። ሰንበት ትምህርት ቤትም ያው ነው፤ ሕፃናቱ ከበሮውን ሲመቱት ነው የሚለምዱት። «ለዚህ እኮ ነው በመዝሙርም በመንዙማም ተተኪ የማይጠፋው» አለች። ይህ አባባሏ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ያልጠበቅነውን ተናገሩ። በደርግ ጊዜ በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ከበሮ ይመቱ ነበር! «ለምን እንደተቋቋመ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱን አላወድስም። ግን መሣሪያው ቀበሌ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ሄደን እንነካው ነበር። የሰፈር ሰው፣ እናትና ሕፃን ሳይቀር መጥቶ ያየን ነበር።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ያገኙትን ይህ ልጅ ለምን ያጣል?»

«አዳራሼ እሑድ ከሰዓት ባዶውን ነው የሚውለው» አሉ ትንሽ ቆይተው። «ግን በነፃ አብራና አጥፋ አትበሉኝ።»

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። ኪቦርዲስቱ በሠርግ ወቅት እሑድን አያገኛትም። ሜዳ ላይ እናድርገው እንዳይባል የጅማ ዝናብ ክረምቱ እስኪገባም አይጠብቅም። ጾም ሲገባ ደግሞ ዘፈን የማይሰማው ብዙ ነው። አጎትየው እንኳ በመጨረሻ ለዘብ ብሎ፣ ከመግሪብ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ራሱ እንደሚያመጣው ተናገረ።

እኔ ከመምህርቷ ጋር ነኝ፤ የሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ግን መልስ ይገባዋል። ሙዚቃችን በቢራ ትከሻ ላይ ተቀምጦ እስከሄደ ድረስ የማይጠጣ ሰው ሁሉ ከበር ይመለሳል። ልጅ ብቻ አይደለም፤ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይጠጣውም፣ ሌሊት መውጣት የማትችለዋ እናትም። ጅማ ውስጥ ይህ ስንት ሰው እንደሆነ የከተማው ልጅ ያውቀዋል። ስለዚህ ዘፈኑ ራሱ መሸጥ አለበት። ትኬት በር ላይ ይቆረጥ፣ ተማሪ በግማሽ ዋጋ ይግባ፣ አልኮል ጨርሶ አይቀርብ። ከትኬቱ መጀመሪያ የአዳራሹና የናፍጣው ይነሳ፤ የቀረው ለሙዚቀኞቹ እዚያው ይከፈል። «ለልጆች ነው» እየተባለ ኪቦርዲስት በነፃ መሥራት የለበትም። እሱም የቤት ኪራይ አለበት።

ጊዜው ጥቅምት ይሁን። ዝናቡ ቀለል ይላል፣ ቡናው መለቀም ይጀምራል፣ ከተማው ውስጥም ገንዘብ ይንቀሳቀሳል። የሠርጉ ግርግርም እንደ ጥር አይሆንም። እሑድ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ለፈቃዱም ከወዲሁ ይኬድ፤ በዋዜማው የሚሯሯጥ ሰው ብዙ ጊዜ «ነገ ና» ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ ተነጋግረን ከተለያየን በኋላ ሥራ አስኪያጁ አዳራሹን በስንት እንደሚሰጡ ለኪቦርዲስቱ ደውለው ነግረውታል። ከዋናው ባንድ በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ለተማሪዎች እንዲተውላቸው ጠይቄዋለሁ፤ ልጁም ጊታሩን ይዞ ልምምድ ላይ ይምጣ ብሏል።